አባትሽ የሚፈልገው ጣቢያ

አዳማ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለገላኔ ጆቴ፣ ፊንላንድ

ልጄ፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ አትሳቂ። በስልክ እንዳልነግርሽ አባትሽ አጠገቤ ነው። ጎረቤታችን አሰፋሽ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ማይክሮዌቭ እንደምትሠሪ የነገርሽኝን ለአሰፋሽ ባወራላት፣ በማግስቱ የተበላሸባትን የማይክሮዌቭ ምግብ ማሞቂያ ተሸክማ መጣች። «ገላኔ ስትመጣ ታይልኛለች» አለች። «ቆመሽ ጠብቂያት» አልኳት።

ኋላ አንቺ አስረዳሽኝ። ጥፍር በምታህል ቺፕ ላይ ጥቃቅን መጋጠሚያዎች ትደረድሪያለሽ፤ በረዶ እንኳ ከማያውቀው ብርድ ውስጥ ትከቻቸዋለሽ፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ሞገድ ያወጣሉ። ኤሌክትሪኩን ከፍ ዝቅ ስታደርጊው ሞገዱም ይለወጣል፣ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ። አንዷ ብቻዋን አቅም የላትም፣ አብረው ሲሆኑ ነው የሚሰማው ብለሽኛል። ይሄ ገብቶኛል። እኔም ብቻዬን ነኝ።

አባትሽ ስትሮክ ከመታው ወዲህ አማርኛው ጠፍቶበት በኦሮምኛ ብቻ ነው የሚያወራው። ወንጂ ፋብሪካ ሳለ የገዛትን ሬዲዮ ታውቂያታለሽ። «ልጅህ ሞገድ ነው የምትሠራው» ስለው ሬዲዮዋን አነሳ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ማዞሪያዋን ሲያዞር ይውላል። አንቺን እየፈለገ ነው። ስልኩን ሳቀርብለት ፊቱን የሚያዞረው ጠልቶሽ አይደለም፤ «ይቺ የስልክ ናት፣ የኔዋ ሬዲዮ ውስጥ ናት» እያለ ነው። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። ሬዲዮዋን ብደብቃት እንደ ሕፃን አለቀሰ። መለስኩለት።

ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን» ብሎ ሸኝቶናል። ምን ማለት እንደሆነ አንቺ የተማርሽው ታውቂዋለሽ። ያን ብርድ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ከቆመ ሥራዬ ይበላሻል፣ አሁን አልመጣም ብለሻል። እሺ። ብርድሽን ተንከባከቢው።

ትናንት ግን እጁ ድንገት ቆመ። ከሬዲዮዋ የሚወጣው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ጆሮውን አስጠጋና «ዱፍቴ!» አለኝ፤ መጣች ማለቱ ነው። ፊቱ በራ። ምን ልበለው?

«አዎ፣ እሷ ናት» አልኩት።

«ምን ትላለች?» አለኝ።

ማዞሪያዋ ከዚያ ቦታ እንዳትነቃነቅ በፕላስተር አጣብቄያታለሁ። የምትይውን ቶሎ ጻፊልኝ። አሁን ማንበብ እችላለሁ፤ ከሬዲዮዋ ኋላ ቁጭ ብዬ አነብለታለሁ።

ያገር ቤቱም የሰው አገሩም አምላክ ከብርድ ይሸሽግሽ።

እናትሽ ዘርፉ