በጎጎ ኖምሳ በኩል ያለው አጥር

ሰርክዬ፣

ዛሬ ሱቅ የመክፈት ተራው የኔ ነው፤ ወደ ጀፕ ገበያ ሄጃለሁ። በኮሮናው ምክንያት ታክሲ የሚጭነው ሰው ስለተቀነሰ ቀድሜ መሰለፍ ነበረብኝ፣ አልቀሰቀስኩሽም።

አናጢው ሮቢ ጠዋት ይመጣል። ጣውላው ከኩሽናው ጀርባ ነው። አጥሩን በመንገዱ በኩል ከፍ ያድርገው።
በጎረቤታችን በጎጎ ኖምሳ በኩል ግን አይንካው።

ትናንት «እሺ» ማለቴን አውቃለሁ። አንቺ ስትናገሪ እሺ ማለት ይቀለኛል።

«አሮጊቷ ጉርሻችንን ትቆጥራለች፣ መሸፈን አለብን» ብለሻል። ግን ጓሮ ስንበላ በአጥሩ ላይ አሻግረሽ «እንብላ» ያልሻቸው አንቺ ነሽ። እኛ አገር ሰው ለወግ እንብላ ይላል፣ ሌላውም ለወግ «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ» ብሎ ያልፋል። ይህን ለእሳቸው፣ ለዚህ አገር አያት፣ ማን ነገራቸው? ሳህናቸውን ይዘው መጡ።

ባላቸው በኮሮና ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው የገባ ሰው አላየሁም። ምሳቸውን አጥሩን ተደግፈው ከእኛ ጋር ይበላሉ። አሁንማ ቀድመው «እንብላ» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ከነወጡ ያቀብሉናል።
አንቺም ትበያለሽ።

ትናንት ጣውላው ሲራገፍ አይተው፣ «ልጄ፣ ታዲያ ሳህኑን በየት በኩል ላቀብላችሁ?» አሉኝ። ማስኬን አስተካክዬ ጣውላውን መለካት ጀመርኩ።

የለም፣ በእሳቸውም በኩል ይመታ ካልሽ ጣውላው ይበቃል፤ ለክቼዋለሁ። ብቻ ሮቢ በእሳቸው በኩል ከምሳ በፊት እንዳይጀምር።
በምሳ ሰዓት ይመጣሉ። ሳህኑን በየት በኩል እንደሚያቀብሉን አንቺ ንገሪያቸው።

ሀሌሉያ