በእኔ መርፌ ስለተዘጋው እጅጌ

ለአረጋውያን ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥር 28

ጉዳዩ፦ በልጃቸው ቤት ስለሚንገላቱ አንዲት እናት ለአራተኛ ጊዜ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣

ከጽሕፈት ቤትዎ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው ሱቅ ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሦስት ጊዜ መጥቼ በቃል አመልክቻለሁ። የተናገርኩት ሁሉ አየር ላይ ስለቀረ አሁን በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ ጽሑፍ ቢያንስ መዝገብ ቤት ገብቶ አቧራ ይጠጣል።

1. ተበዳይዋ ጡረታ የወጡ የጽሕፈት መኪና አስተማሪ ናቸው። በዚህ ሰፈር በአሥር ጣቱ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በእጃቸው ያለፈ ነው። «አመልካቹ ዘመድ ስላልሆኑ ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚለውን መልሳችሁን አንድ ፊደል ሳትስት የጻፈችው ጸሐፊም ተማሪያቸው ሳትሆን አትቀርም።

2. የደንበኛን ልክ በደብተር እይዛለሁ። የእሳቸው ደረት ካቻምና 102 ነበር፤ አምና 94፤ በዚህ ወር 83። ይህን ለሠራተኛዎ ባሳየው «እርጅና ነው፣ ይከሳሉ» ብሎ ደብተሬን በአንድ ጣቱ ገፋልኝ። እርጅና ሥጋ ይቀንሳል፤ ክንድ ላይ የአራት ጣትና የአውራ ጣት ምልክት ግን አይተውም። እጅጌያቸውን ሰብስቤ ስለካ በሁለቱም ክንዳቸው ላይ አይቼዋለሁ። ደግሞ «በልተዋል?» ብዬ እሳቸውን ስጠይቅ «በልታለች» የሚለኝ ልጃቸው ነው። ያማቸው እንደሆነ ስጠይቅም የሚመልስልኝ እሱ ነው።

3. ይህን አንቀጽ ብዘለው ደስ ባለኝ። ከአራት ወር በፊት ልጃቸው የቤት ቀሚስ አዘዘኝ፦ ቁልፉ በጀርባ፣ እጅጌው ከጣት ያለፈ፣ ጫፉም የተሰፋ። ራሷን ትቧጭራለች አለኝ። እኔም እንዴት ያለ አሳቢ ልጅ ነው ብዬ በድርብ ክር ሰፋሁት። የእኔ ስፌት አይፈታም እያልኩ ስኩራራ የኖርኩ ደደብ ነኝ። በዚህ ወር ለሌላ ቀሚስ ልለካቸው ስሄድ ያንኑ ለብሰው አገኘኋቸው። ስልክ ጠርቶ ልጁ ወደ በረንዳ ሲወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ስፌትህ ጠንካራ ነው ልጄ፤ ሞክሬዋለሁ» አሉኝ።

የእጅጌውን ጫፍ ባየው በጥርስ ተነክሷል። የያዝኩት ሜትር ብቻ ነበር፤ ስፌቱን የምፈታበት መቀስ አልያዝኩም። ልጁም ተመለሰ፤ እኔም አፍሬ ወጣሁ።

4. በማግሥቱ ቢሮዎ መጣሁ። «ዘመድ ነህ?» ተባልኩ። አይደለሁም። እንግዲያው ተበዳይዋ ራሳቸው ቀርበው ይፈርሙ አሉኝ፤ እጃቸው የተሰፋባቸው ሴት።

በሁለተኛው ቀን የክፍል ኃላፊው ምርመራ አካሄዱ። ምርመራው እኔ ፊት ለልጁ ስልክ ደውሎ እናቱን ይበድል እንደሆነ መጠየቅ ነበር። አልበድልም አለ፣ ተሳሳቁ፣ «ተጣርቷል» ተብሎ ተጻፈ። የጠቋሚውን ማንነት አልነገሩትም፤ ረስተውት ይመስለኛል። ስልኩን ዘግተው «ጨዋ ሰው ነው፣ አውቀዋለሁ» አሉኝ። ጨዋነቱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሱፉን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ትከሻውን የሞላሁት በስፖንጅ ነው።

በሦስተኛው ቀን አግዳሚ ላይ እያንቀላፋሁ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ የራሳችሁን ማስታወቂያ አነበብኩ። ያለ ምክንያት መክሳት፣ የጣት ምልክት፣ አረጋውያን ሲጠየቁ ሌላ ሰው መመለሱ፤ ከእነዚህ አንዱን ያየ ዝም አይበል ይላል። እኔ ሦስቱንም አይቻለሁ። ለማን እንደሚነገር የሚገልጸው መስመር ግን በፋይል ካቢኔው ተሸፍኗል። የሚያነበው እንደማይኖር እርግጠኛ ሆናችሁ ነው መሰለኝ ካቢኔውን እዚያ ያቆማችሁት።

5. የስልክ ምርመራችሁ አንድ ውጤት አስገኝቷል። በማግሥቱ ልጁ ሱቄ መጥቶ ትእዛዙን አሻሻለ፤ የአዲሱ ቀሚስ እጅጌ ከወገቡ ጋር ተያይዞ ይሰፋ አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ያልኩት በሩ እንዲከፈትልኝ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀሚሱን አደርሳለሁ ብዬዋለሁ። ስለዚህ አንድ ነርስና የመወሰን ሥልጣን ያለው አንድ ሰው አብረውኝ እንዲገቡ፣ ልጁ ከክፍሉ እንዲወጣና እናቲቱ በገዛ አፋቸው እንዲመልሱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እጅጌውን ማን ሰፋው ተብሎ ከተጣራ እኔ ነኝ፤ ለፖሊስ በላክሁት ግልባጭ ላይም ይህንኑ ጽፌያለሁ። የልክ ደብተሬን ሁለት ገጽ አያይዣለሁ።

ማንም ባይመጣም ሐሙስ እሄዳለሁ። አዲሱን ቀሚስ አልሰፋሁትም። በቀሚሱ ፌስታል ውስጥ የምይዘው መቀስ ነው።

ለጽሕፈት ቤቱ ከሰላምታ ጋር፣
ለአስተማሪዋ ከይቅርታ ጋር፣

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊው