ስላላዩት የእኅቴ ገላ

ለተከበሩ ዶክተር ቬይኮ ራንታላ፣
የሐይቅ ዳር ጤና ጣቢያችን ዋና ሐኪም

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ጤና የጎደለው ሰው ወደ እናንተ መምጣቱ አይቀርምና ምኞቴ ከልብ ነው። እኔ ከፖስታ ቤት በጡረታ የተሰናበትኩ ሲርካ ነኝ። በመጋቢት የቀበርናት ቱሊኪ ታላቅ እኅቴ ነበረች። ለአራት ዓመት በስልክ ስታክሟት ስለኖራችሁ፣ ምስጋናዬን በስልክ ብቻ ማድረስ ንፉግነት መስሎ ስለታየኝ በመንደራችን ጋዜጣ ላይ አውጥቼዋለሁ።

፩. እኅቴ ብልቷን እንደሚያሳክካትና እንደሚያቃጥላት በነገረቻችሁ ቁጥር፣ ልብስ የማውለቅ ድካም ሳታበዙባት ፈንገስ ነው ብላችሁ በብልት በኩል ወደ ውስጥ የሚገባ ክኒን ስላዘዛችሁላት አመሰግናለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ አዛችኋል። ሕመሙ ግን ውስጥ አልነበረም፤ ውጭ፣ በብልቷ ከንፈሮች ቆዳ ላይ ነበር። ቆዳው ነጥቶ፣ ሳስቶ ይሰነጠቅ ነበር። የውስጡ መንገድና የውጩ ቆዳ ለየቅል መሆናቸውን እኔ ደብዳቤ ስለይ የኖርኩት ሴት ስላወቅሁት፣ እርስዎም ጊዜ ሲተርፍዎ እንዲያዩት በትሕትና አሳስባለሁ።

፪. በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኅቴ አልደበቀችም። ስልክ የምታነሳው ነርሳችሁ ግን «እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ነው፣ ይልመዱት» ስላለቻት፣ ታዛዥ ነበረችና ለመደችው።

፫. ይህኛው ክስ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ሌላ የማቀርብበት ቦታ ስላጣሁ ነው እዚህ ያኖርኩት። እኛ ሴቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በእንፋሎት መታጠቢያው ሳውና ውስጥ ራቁታችንን አብረን እንቀመጣለን፤ የማን ጠባሳ የት እንዳለ እንተዋወቃለን። ቱሊኪ እንፋሎቱ ሲያንገበግባት መምጣት ተወች። ጎረቤታችን ኢምፒ «የኛ እመቤት ከእኛ ጋር መታጠብ ናቀች» ስትል ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

በመጨረሻ ከተማው ሆስፒታል ስወስዳት፣ አንዲት ወጣት ሐኪም መብራት አስጠግታ አየቻት። በጊዜው ቢታይ በቅባት የሚገታ የቆዳ ሕመም ነበር፤ በጥቂት ሴቶች ላይ ወደ ካንሰር ይለወጣል፣ በእኅቴም ላይ ተለውጧል። ሐኪሟ ራሷ እንድታየው መስተዋት ሰጠቻት። ቱሊኪ ብዙ ተመለከተችና «ሲርካ፣ እኔና ገላዬ ሰባ አንድ ዓመት አብረን ኖረን ዛሬ ገና ተዋወቅን» አለችኝ። ፈገግ ብላ ነበር። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ የሚያሳክካት ሴት ስትደውል፣ እባክዎ ያስጠሯትና ይዩዋት። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

የከበረ ጊዜዎን በእንዲህ ያለ ስሙ የማይጠራ ነገር ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ በአንዲት እኅት ፋንታ ብዙ ትሕትና የቀረልኝ፣

አክባሪዎ
ሲርካ

ማስታወሻ፦ ከግንቦት ጀምሮ እኔንም እያሳከከኝ ነው። የስልክ ነርሷ ክኒኑን ልታዝልኝ ስትል፣ አይሆንም ብዬ ሐሙስ በሦስት ሰዓት እርስዎ ዘንድ ቀጠሮ አስይዣለሁ። መብራት ያዘጋጁልኝ። ልብሴን ሳልጠየቅ አወልቃለሁ፤ እስኪያዩኝም ድረስ አልለብስም።