እስከ ገፈርሳ፦ የአቶ ሀብተማርያም ጥሩሰው የሕይወት ታሪክ

አቶ ሀብተማርያም ጥሩሰው ከአባታቸው ከአቶ ጥሩሰው ገብረማርያምና ከእናታቸው ከወ/ሮ ተሻለች በ1921 ዓ.ም. በሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በሰላሌ አውራጃ ተወለዱ። በአጥቢያቸው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ሳይጨርሱ አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ አምጥተው የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። በኤሌክትሪክ ሙያ ከሠለጠኑ በኋላ ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ፋብሪካ አገልግለዋል።

በ1948 ዓ.ም. ከወ/ሮ ትርንጎ ጋር በተክሊል ተጋብተው ወለተጻድቅ የተባለች አንዲት ልጅ አፍርተዋል። ወ/ሮ ትርንጎ የቤንዚን ሽታ አይችሉም። አውቶቡስ ገና ሁለት ፌርማታ ሳይሄድ አዙሮ ይጥላቸዋል። እናታቸው እማማ አበበች ደግሞ ገፈርሳ ነበሩ፤ ባልና ሚስቱ ከሚኖሩበት ከኮልፌ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አቶ ሀብተማርያም ሚስታቸውን በእግር በሸኙ ቁጥር አንጀታቸው እያረረ ስንት ዓመት ኖሩ።

በ1972 ዓ.ም. ሞተሯ ነክሶ አልነሣ ያለች አሮጌ ፊያት ገዙና ሞተሯን አውጥተው ጣሉት። በምትኩ ፋብሪካው በሐራጅ የሸጠውን የዕቃ ማንሻ የኤሌክትሪክ ሞተርና ስምንት የከባድ መኪና ባትሪ ገጠሙላት። አትጮኽም፣ አታጨስም፣ አትሸትም። ሰፈሩ «ዝምተኛዋ» አላት። የመጀመሪያ ቀን ገፈርሳ ደርሳ ስትመለስ ሳንሱሲ ላይ ባትሪዋ አለቀ። የሰፈሩ ሰው እየሳቀ ገፋት፤ ወ/ሮ ትርንጎ ውስጥ እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። አቶ ሀብተማርያም ግን ክፉኛ አፈሩ፤ ከዚያ ወዲህ መመለሻውን ሳይለኩ ከግቢ ወጥተው አያውቁም።

በመጋቢት 1974 ዓ.ም. በፍተሻ ተያዙ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ቢፈለግ ከየት ይምጣ? መኪና እንዳትባል ሞተሯ የለም፣ ጋሪ እንዳትባል አህያ የላትም። ጉዳዩ እስኪወሰን ተብሎ የቆመችበት የቆርቆሮ ቤት በር በወረቀትና በማኅተም ታሸገ። ባትሪ ሳይሞላ ከተቀመጠ ይሞታልና፣ ገብተው ባትሪውን ብቻ እንዲሞሉ ለቀበሌው ማመልከቻ ጻፉ። «ጓድ ሀብተማርያም፣ ከላይ አልመጣም» ተባሉ። ደግመው ጻፉ፤ መልሱም ያው ነበር።

በዚያው ዓመት በሰኔ እማማ አበበች በጠና ታመሙ የሚል መልእክት ደረሰ። ባትሪዎቹ ገና ነፍስ ነበራቸው። አቶ ሀብተማርያም በሩ ፊት ቆመው ማኅተሙን አዩት፤ በጥፍር የሚላጥ ወረቀት ነበር። አልላጡትም። ወ/ሮ ትርንጎ በዝናብ በእግራቸው ሄዱ፤ ሲደርሱ እናታቸው አፈር ለብሰዋል። ተመልሰውም ባላቸውን አልወቀሱም። «ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር?» ብቻ አሉ፤ ያችው ቃል አቶ ሀብተማርያምን ዕድሜ ልካቸውን ስትበላቸው ኖረች። የአየር ጤናው ባለጋራዥ ወዳጃቸው አቶ ሰይፈዲን እንደሚናገሩት፣ «ሰይፉ፣ ወረቀት ፈርቼ ሚስቴን በእግሯ ላክኋት» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ክረምት ማኅተሙን ዝናብ አጥቦ ጣለው። አቶ ሀብተማርያም ደንግጠው ራሳቸው ሄደው ለቀበሌው አመለከቱ። አዲሱ ሊቀ መንበር ፋይሉን አስፈልገው ሲያጡ፣ «አባቴ፣ የታሸገ ነገር የለም፤ በሰላም ይሂዱ» አሏቸው። አምስት ዓመት የቆሙበት በር በዚህች ቃል ተከፈተ።

አይጥ ሽቦውን በልቶታል፣ ኩሽኔታው ዝጓል፣ ባትሪዎቹ ነጭ ጨው ለብሰዋል። አቶ ሰይፈዲን አይተው «ሀብቴ፣ ይህን ቀብረህ አልቅስ» ቢሏቸውም፣ ከጎናቸው አልተለዩም። ከስምንቱ ባትሪ ሦስቱ ዳኑ፤ የቀሩትን አቶ ሰይፈዲን ከአሮጌ ከባድ መኪና እያወለቁ አመጡላቸው። ከዓመት ልፋት በኋላ ዝምተኛዋ ተነሣች። ሲለኳት ግን ጉልበቷ ገፈርሳ ለመሄጃ እንጂ ለመመለሻ አይበቃም። ወ/ሮ ትርንጎ የእናታቸውን መቃብር አንዴ ልይ ብለው ቢለምኑ፣ አቶ ሀብተማርያም «መንገድ ላይ አላስቀምጥሽም፤ አንዴ ይበቃናል» እያሉ ባትሪ ፍለጋ ከተማውን ዞሩ። ሌላ ባትሪ አልተገኘም።

በኅዳር 1981 ዓ.ም. ጉበታቸውን ታመው ሐኪምም ጸበልም ተሞከረ። ወር በገባ ቁጥር ሰውነታቸው አለቀ፤ አልጋቸው ላይ ሆነው የባትሪውን አሞላል ለአቶ ሰይፈዲን ይነግሩ ነበር። ኑዛዜያቸው አንድ ነበር፤ «ገፈርሳ፣ ከእማማ አበበች አጠገብ ቅበሩኝ። ትርንጎን በዝምተኛዋ አምጧት።» የካቲት 16 ቀን 1981 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ሀብተማርያም ከባለቤታቸውና ከልጃቸው በተጨማሪ ይህን የጻፈውን የእህታቸውን ልጅ ተክለማርያምን ትተው አልፈዋል። ነፍሳቸውን በሩ በማይታሸግ ቤት ያሳርፍልን፤ ለወ/ሮ ትርንጎም መጽናናትን ይስጥልን።

ወ/ሮ ትርንጎ ዛሬ ከኮልፌ እዚህ ድረስ የመጡት በዝምተኛዋ ነው፤ መንገዱን ሁሉ አላዞራቸውም። መመለሻውን ግን ዛሬ የለካ የለም። ከቀብሩ በኋላ ቁልቁለቱን ራሷ ትወርዳለች፤ ዳገት ዳገቱን ጉልበት ያላችሁ እንድትገፉልን ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል።