ሰይድ ያነሳው የአባቴ ሳቅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም ሰይድ እየመራ ነው። የፎቶ ውድድሩ ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ አሸናፊው የሚለየው በላይክ ብዛት ነው። እኔ ቆቦ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ የምኖር ሰው ነኝ። እሱ ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ፎቶውንም ያነሳው በስልኩ ነው።

የእኔ ፎቶ ዋጃ ላይ ፀሐይ ስትወጣ የተነሳ የማሽላ ማሳ ነው። ለዚያ ብርሃን ስንት ማለዳ ተመላልሻለሁ። ሰዉ ግን "ያምራል" ብሎ ያልፈዋል። ሰይድ ያነሳው ማሳቸው ዳር ተቀምጠው የሚስቁ ሽማግሌ ነው። ግማሽ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነው፤ ከኋላቸውም የመብራት እንጨት ገብቷል። ይህን ማንም ልብ አላለውም። "ወላሂ፣ አባቴን መሰሉኝ" እያሉ ይመርጡታል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው የኔው አባት ናቸው።

ከሰዓት ቤት ሄጄ ጠየቅኋቸው።

"አባባ፣ ሰይድ ምን ቢልዎት ነው እንዲህ የሳቁት?"

"እሱማ ምንም አላለኝ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስለ ልጅነትህ ጠየቀኝ። ግመል ፈርተህ ማሽላ ውስጥ ተደብቀህ፣ መንደሩ ሁሉ ሲፈልግህ የዋለበትን ጊዜ አጫወትኩት።"

ይህን ሲነግሩኝም ሳቁ። እኔ ፎቶ ሳነሳቸው "ቀና ይበሉ፣ አይንቀሳቀሱ" ነው የምላቸው። እሳቸውም እንዳልኳቸው ይሆናሉ።

አሁን ለሰይድ ድምፄን ልስጥ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ፎቶውን ብዙ አየሁት። በጣም ጥሩ ፎቶ ነው። ላይክ ሳላደርግ ዘጋሁት።