ሠላሳ አንድ ጊዜ የተሰማ ትምህርት

ሰኞ፣ የካቲት 17
ከቤቴ ከፉሪ ተነስቼ ሰበታ ለመድረስ ዛሬም አንድ ሰዓት ሙሉ። መንገዱ ተቆፍሯል፣ ታክሲ የለም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስደርስ ስብሰባ ጠበቀኝ። ከእንግዲህ ሁሉም መምህር ትምህርቱን በቪዲዮ ቀርፆ የዩኒቨርሲቲው ሲስተም ላይ ይጭናል ተባለ። ለቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች ነው... ሥራ ላይ ሆነው እንዲከታተሉ። ሃያ ሰባት ዓመት ስታትስቲክስ በጠመኔ ያስተማርኩ ሴትዮ አሁን ደግሞ ተዋናይ ልሁን? የአይሲቲው አጵሎስ ሳቀብኝ። «ቲቸር የሺወርቅ፣ ካሜራው አይናከስም» አለኝ። አይናከስም ይላል እንዴ!

ማክሰኞ፣ የካቲት 25
ቀረፅኩ። አጵሎስ ካሜራውን ሰሌዳው ፊት ተከለው። እኔም እንደ ልማዴ እየጻፍኩ፣ እያጠፋሁ፣ በጣቴ እየጠቆምኩ አስተማርኩ። ሃምሳ ደቂቃ። መልሼ ሳየው ከፊቴ ይልቅ ጀርባዬ ይበዛል። ይሁና። ማን ያየዋል?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27
የሚድ ፈተና ወረቀት መለስኩ። ዳና የምትባለው ልጅ ከሠላሳው ሰባት አገኘች። ከዱራሜ የመጣች ናት፣ እዚሁ ሰበታ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ትሠራለች። ኮርሱን የምትደግመው ነው። አሁንም ከወደቀች ትባረራለች፤ ሌላ ዕድል የላትም። ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር...

«ቪዲዮውን ተከታትለሻል?» አልኳት። «ሰምቼዋለሁ፣ ቲቸር።» ሰነፍ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው ብዬ አለፍኳት።

ሰኞ፣ መጋቢት 29
አጵሎስ ማን ስንቴ እንደከፈተ ሲስተሙ ላይ አሳየኝ። አብዛኞቹ አንዴ። ዜሮም አለ። ዳና... ሠላሳ አንድ ጊዜ።

ማሽኑ ተሳስቷል አልኩት። አልተሳሳተም። ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር ተመዝግቧል። ጉድ እኮ ነው! በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ያለኝ ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነው። ይቺ ልጅ ሠላሳ አንድ ጊዜ ስታስደግመኝ ከርማለች፣ እኔ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሽሮዬን እበላለሁ።

ግን ሠላሳ አንድ ጊዜ ሰምታ እንዴት ሰባት?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1
ደወልኩላት። «ቪዲዮው ሜጋ ይጨርስብኛል፣ ድምፁን ብቻ ነው የምከፍተው» አለችኝ። «ደግሞ ዓይኔም እጄም ብርድ ልብሱ ላይ ነው። ሥራ ላይ ጆሮዬ ብቻ ነው ነፃ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያልገባሽ?»

«ቲቸር፣ አይቆጡኝ እንጂ... ‹ይቺን ከዚያች ቀንሱ፣ ያንን እዚህ አምጡት› ይላሉ። የቷን ከየቷ እንደሆነ እንጃ...»

ስልኩን ዘጋሁና ዓይኔን ጨፍኜ የራሴን ትምህርት ሰማሁት። «ይሄ... እዚህ... ያኛው... አያችሁ?» ኧረ ምንም አላየሁም! ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት ያስተማረው ጣቴ ነው። አፌማ ምን አለ? በጣም አፈርኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20
ሳይጠቁሙ ማስተማር ይሄን ያህል ይከብዳል? ሁለት ሳምንት ሙሉ እጄን ኪሴ ከትቼ ሞከርኩ። ምላሴ ተሳሰረ። ስታንዳርድ ዲቪየሽን ላይ ስደርስማ ጭራሽ!

ጠዋት ጎረቤቴ ኦቦ ሞቱማ ከቆርቆሮ አጥሩ ወዲያ ላማቸውን ሲያልቡ ሰማኋቸው። ወተት የምገዛው ከሳቸው ነው።

«አከም ቡልተን፣ ኦቦ፣ እንደምን አደሩ! ላሚቱ በቀን ስንት ሊትር ትሰጣለች?»
«አምስት።»
«ሁሌ አምስት?»
«ኧረ የት! አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ ሦስት።»
«ታዲያ አምስት የሚሉት ከየት አምጥተው ነው?»
«ተደምሮ ሲካፈል እዚያው ነው። ግን ልጄ፣ ከደንበኛ የሚያጣላኝ አምስቱ አይደለም። ከአምስቱ መራቋ ነው። የወንድሜም ላም የምትሰጠው አምስት ነው፣ እሷ ግን ከአምስቱ ቢበዛ ግማሽ ሊትር ብትርቅ ነው። እሱ እንቅልፉን ይተኛል፣ እኔ አልተኛም።»

ፈጣሪዬ! መሀላችን አጥር አለ። እሳቸው አያዩኝ፣ እኔ አላያቸው። አንድ ቁጥር ሳይጽፉ ስታንዳርድ ዲቪየሽንን፣ ከአማካዩ መራቅን፣ ቁጭ አደረጉልኝ! ሮጬ ገብቼ በስልኬ ቀረፅኩ፣ ድምፅ ብቻ። ስምንት ደቂቃ። እያንዳንዱን ቁጥር በስሙ እየጠራሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12
እስካሁን አሥራ አራት ድምፅ ጫንኩ። ዳና አንዱንም ከሦስት ጊዜ በላይ አልከፈተችም። ገባት ማለት ነው? ወይስ ተስፋ ቆረጠች? ይሄን እንኳ ሲስተሙ አይነግረኝም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14
ፋይናል። ፈታኟ እኔው ነበርኩ። ዳና ሦስተኛውን ጥያቄ አነበበችና ዓይኗን ጨፈነች። ተኛች እንዴ? ጠጋ አልኩ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እየሰማች ነው... እኔን! አፌን ዘግቼ ፊቷ ቆሜያለሁ፣ እሷ ውስጥ ግን እያስተማርኩ ነው። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ መጻፍ ጀመረች፣ ቀና አላለችም። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። መስኮቱን ተደግፌ ቆምኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19
አርሜ ጨረስኩ። አድልዎ እንዳይሆንብኝ የዳናን ወረቀት ሁለቴ ደመርኩት። ፋይናሏ ከሃምሳ አርባ አንድ። ከሚዱና ከአሳይመንቱ ጋር ከመቶ ስልሳ ሁለት። አለፈች!

የምሳ ሰዓታቸውን ጠብቄ ደወልኩ። «ዳና፣ አልፈሻል!» «ጌታ ሆይ... ጌታ ሆይ...» ስትል ሰማሁ፣ ወዲያው ከኋላዋ እልልታው ቀለጠ። እነማን ናቸው? አብረዋት የሚያሽጉት ሴቶች ናቸው። ለካ ኤርፎኗ ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖታል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ለሁሉም ትከፍተው ነበር።

አንዷ ስልኩን ነጠቀቻት። «ቲቸር፣ ማሪቱ እባላለሁ። እኛም እኮ አብረን ስንሰማ ነው የከረምነው። እኛስ... አልፈናል?»

ሊስቁ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልሳቀም።

«እሑድ ኑና ተፈተኑ» አልኳቸው። ሰባት ናቸው።