ቅቤ የተቀባው ሳቢሳ

ሚያዝያ 9 ቀን 1958፣ ነጌሌ
ስኳር ዛሬም አልመጣም። ነፋሱ ከሱቁ ጀርባ ያለውን የግራር ቅርንጫፍ ገነጠለው፣ ከነጎጆው። ከብት የሚከተሉት ነጫጭ ወፎች፣ ሳቢሳዎቹ፣ የሚፈለፍሉበት ነው። ሦስት ጫጩት ወደቀ። ሁለቱ እዚያው ሞቱ። ባለቤቴ ሸምሳ የተረፈውን በሻሿ ጠቅልላ ገባች። «ሱቅ ነው ወይስ የወፍ ቤት?» አልኳት።

ሚያዝያ 10
አስቀያሚ ነው። አንገት ብቻ። ሲፈራ ያስታውካል። ዛሬ አቡጀዲው ላይ ፈራ።

ሚያዝያ 14
የሚበላው አንበጣ ነው። ለቃሚው ማን ሆነ? እኔ። በዚህ ዕድሜዬ ሽርጤን ሰብስቤ ሣር ለሣር ስዳክር ደንበኛዬ ሰማታር አየኝ።
«ሺሬ፣ ምን ጠፋብህ?»
«አእምሮዬ።»
አብሮኝ ፈለገ።

ሚያዝያ 24
ላባ አወጣ። ጎረቤታችን አሮጊቷ ዲንኪቱ መጡ። አገሬው በሙሉ አኮ ይላቸዋል፣ አያት ለማለት።
«አካም፣ ናጋ?» ብለው ሰላም አሉን። «ይሄ እናት የለውም?»
«የለውም፣ አኮ።»
ከቅላቸው ትኩስ ቅቤ አውጥተው ከራሱ እስከ ጭራው ቀቡት። ምርቃት ነው። ደካማ ጥጃም ይቀባል፣ አራስ ልጅም ይቀባል። አኮን ማን እምቢ ይላል? ወፉ ሞክሮ ነበር...

ሚያዝያ 26
ዘነበ። ግራሩ ላይ ያሉት ሳቢሳዎች ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ደረቁ። የኛው እርጥብ ጨርቅ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። «ቅቤው ነው፣ ላባውን አጣብቆታል» አለች ሸምሳ። ለብ ባለ ውሃና በልብስ ሳሙና አጠብነው። በር ዘግተን። የአዛውንት ምርቃት ሲታጠብ ሰው ያያል እንዴ?

ግንቦት 1
አኮ መጡ። «ቅቤው የት ሄደ?» ሸምሳ እኔን አየች። እኔ ሚዛኑን።
«ጠጣው መሰለኝ» አልኩ።
«ጎበዝ!» ብለው ደግመው ቀቡት።

ግንቦት 2
አጠብነው።

ግንቦት 8
ትናንት ተቀባ። ዛሬ ታጠበ። ላባው መሰባበር ጀመረ። የግራሩ እኩዮቹ እየበረሩ ነው። ዝናቡ ሲያቆም መንጋው ከከብቱ ጋር ይሄዳል። ያኔ መብረር ካልቻለ የድመት እራት ነው። ሸምሳ አለቀሰች። እኔም ፈራሁለት፣ እውነቱ ይኸው ነው። ለወፍ! ነገ ለአኮ እነግራቸዋለሁ። ቢረግሙኝስ?

ግንቦት 9
ነገርኳቸው። ቅቤው እጃቸው ላይ ነበር።
«ኤባዬን፣ ምርቃቴን፣ አጠብከው?»
«አጠብኩት፣ አኮ። ይቅር ይበሉኝ። ካላጠብነው አይበርም።»
ወፉን አዩት። ቅቤውን አዩት።
«ለምርቃት የወጣ ቅቤ ወደ ቅል አይመለስም። አንተ አባቱ ነህ። ና።»
ኮፍያዬን አንስተው እኔን ቀቡኝ። ሱቁ ውስጥ፣ ገበያተኛው እያየ። ሰማታር ሳቁን ለመደበቅ ጨው ገዛ።

ግንቦት 25
በረረ። ከአጥሩ እስከ ግራሩ። ሸምሳ እልል አለች።

ግንቦት 27
አልተመለሰም። አንበጣ ለቅሜ ነበር...

ሰኔ 6
ስኳር መጣ። የአኮ ላሞች በሱቁ ፊት አለፉ። ድሮ አቧራቸውን እየረገምኩ የሱቁን በር እዘጋ ነበር። ዛሬ ወጥቼ ቆምኩ። ነጫጮቹ ከላሞቹ እግር ስር አንበጣ ይለቅማሉ። አንዱ ጭራው ላይ የተሰበረ ላባ አለው። የኛው ነው። ቀና ብሎም አላየኝ። ደስ አለኝ... ትንሽ ከፋኝም።
ከሰዓት አኮ ስኳር ሊገዙ መጡ። ሳይጠይቁኝ ኮፍያዬን አውልቄ ለቅቤው ጎንበስ አልኩ።
«ዛሬ ደግሞ ለማን ነው?» አሉ።
«ለእሱ» አልኳቸው።